«ፎርማት ይደረግ» ለሚለው ብያኔ ምላሽ፦ ስለማይተኛና ስለማይነቃ ላፕቶፕ

ክዳኑ ተዘግቶ አልተኛም ያለ፣ ወይም ተኝቶ አልነቃም ያለ ላፕቶፕ ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ የሚጠብቀው ብያኔ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ።» ብያኔው ከጥገና ቤት አልፎ በየመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል፣ በየቤቱም «ኮምፒውተር ይችላል» በሚባለው ልጅ ዘንድ ጸንቷል። የማይለየው ምክርም አለው፦ «ከእንግዲህ ስሊፕ አታድርገው፤ ስትጨርስ አጥፋው።»

ይህን የሚሉትን ባለሙያዎች አከብራለሁ። በቀን ብዙ ማሽን ያያሉ፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም፤ ፎርማት ያደረጉት ላፕቶፕም ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ልምዳቸው እውነተኛ ነው። የምከራከረው ከልምዱ ከተቀዳው መደምደሚያ ጋር ነው።

መደምደሚያው በሦስት ሐሳቦች ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው፣ መተኛትና መንቃት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ስለሆነ ብልሽቱም የእርሱ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ፎርማት ካዳነው ችግሩ ዊንዶውሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ማጥፋት ከጣጣው ያድናል ይላል። የመጀመሪያው የመረጃ፣ ሁለተኛው የአመክንዮ ስሕተት አለበት፤ ሦስተኛው ዊንዶውስ ራሱ ከሚሠራበት መንገድ ጋር ይጋጫል። በተራ ላሳይ።

1. እንቅልፍ የዊንዶውስ ብቻ ሥራ አይደለም

ነገሩ በአንድ ወቅት ጭራሽ ተቃራኒ ነበር። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ኤፒኤም በተባለው ደንብ ኃይል የመቆጠቡን ሥራ በዋናነት ይመራ የነበረው ባዮስ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማሽኑ መቼና ለምን እንደተኛ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ ሲያወጡ ውሳኔው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተዛወረ። የፎርማት ደጋፊዎች ሐሳብ መነሻ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የተዛወረው ማዘዙ ነው እንጂ መፈጸሙ አይደለም። ኤሲፒአይ የሚሠራው የላፕቶፑ አምራች ባዮሱ ውስጥ ጽፎ ባስቀመጣቸው ሰንጠረዦች አማካይነት ነው። ማሽኑ የትኞቹን የእንቅልፍ ደረጃዎች እንደሚችል፣ ክዳኑ መዘጋቱ በምን እንደሚታወቅ፣ የትኛው ዕቃ የመቀስቀስ ፈቃድ እንዳለው ለዊንዶውስ የሚነግሩት እነዚህ ሰንጠረዦች ናቸው። ሰንጠረዡ ስሕተት ከሆነ ትእዛዙ ትክክል ቢሆንም ውጤቱ ስሕተት ይሆናል።

ደረጃዎቹ ከኤስ0 እስከ ኤስ5 ይሄዳሉ። ኤስ0 ማሽኑ ሥራ ላይ ያለበት ነው። ኤስ3 ራም ብቻ በጥቂት ኤሌክትሪክ ይዘቱን ጠብቆ ሌላው ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚጠፋበት፣ ብዙ ሰው ለዓመታት «ስሊፕ» ሲል የኖረው ነው። ኤስ4፣ ማለትም ሃይበርኔት፣ ራም ላይ ያለው ወደ ዲስክ ተጽፎ ማሽኑ የሚጠፋበት ነው፤ ኤስ5 መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሌላ መንገድ ተጨምሯል። ዛሬ «ሞደርን ስታንድባይ» በሚባለው በዚህ መንገድ ማሽኑ ከኤስ0 አይወጣም፤ ስክሪኑን ያጠፋል፣ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዛል፣ አልፎ አልፎ ግን ብቅ እያለ ኔትዎርክ ይፈትሻል። አንድ ላፕቶፕ በኤስ3 ይተኛ ወይስ በሞደርን ስታንድባይ፣ በቅድሚያ የሚወስነው አምራቹ ባዮሱ ውስጥ የጻፈው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን ስድስተኛ ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ ሲወጣ ባዮሱ ኤስ3ን አላካተተም። ሊኑክስ የጫኑበት ሰዎች ክዳኑን ዘግተው አስቀምጠውት ባትሪው ሲያልቅባቸው አማረሩ። ሊኑክስን ደጋግሞ መጫን አይፈይዳቸውም ነበር፤ የጎደለው ነገር ዲስኩ ላይ አልነበረምና። አንዳንዶቹ የባዮሱን ሰንጠረዥ ራሳቸው አርመው ሲስተሙ ሲነሣ እንዲጫን በማድረግ ኤስ3ን መለሱት። ሌኖቮም በዚያው ዓመት ባወጣው የባዮስ ማሻሻያ የእንቅልፉ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ጨመረ። በሁለቱም መፍትሔዎች የታረመው የባዮሱ ነገር ነው እንጂ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይደለም።

ከባዮሱ ሌላ ፎርማት የማይደርስባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ባትሪውን፣ ኪቦርዱንና የማብሪያ ቁልፉን የምትቆጣጠር የራሷ ፕሮግራም ያላት ትንሽ ቺፕ ቦርዱ ላይ አለች። ክዳኑ ውስጥ ማግኔት፣ ከኪቦርዱ በኩል ደግሞ ማግኔቱን የሚያውቅ ሴንሰር አለ፤ ማሽኑ «ተዘጋሁ» የሚለው ሁለቱ ሲቀራረቡ ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ወይም የሰዓት ማሰሪያ በሴንሰሩ አጠገብ ካረፈ ላፕቶፑ ባለቤቱ እየጻፈበት ሳለ ሊተኛ ይችላል፤ አንዱን ላፕቶፕ ሌላው ላይ መደራረብም ያንኑ ያመጣል። ወደ አገራችን የሚገቡት ብዙዎቹ ላፕቶፖች ደግሞ ውጭ አገር ያገለገሉ ናቸው። የቀድሞው ባለቤት መሥሪያ ቤት ከሆነ ማሽኖቹ በኔትዎርክ እንዲቀሰቀሱ ወይም በተወሰነ ሰዓት ራሳቸውን እንዲያበሩ ባዮሱ ላይ አስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ያ ቅንብር ከዊንዶውስ ጋር አይጠፋም። አሥር ጊዜ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ በዚያው ሰዓት አሥር ጊዜ ይነሣል።

2. አንድ ስም የወጣላቸው የተለያዩ ብልሽቶች

የብያኔው ትልቁ ስሕተት ግን ከመለየት በፊት መፍረዱ ነው። «ስሊፕ አይሠራም» በሚለው አቤቱታ ሥር ቢያንስ አራት የማይመሳሰሉ ነገሮች አሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

የመጀመሪያው በእርግጥ የማይተኛው ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑ የማይተኛው ሲተው ነው ወይስ ሲታዘዝም ጭምር? ልዩነቱ ታሪክ አለው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አንድ ፕሮግራም ባለቤቱ ያዘዘውን እንቅልፍ እንኳ እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ይህን መብት ነሣው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞች የቀራቸው መብት ማሽኑ ሥራ ፈትቶ በራሱ እንዳይተኛ መጠየቅ ነው። ፊልም የሚያጫውት ወይም ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራም ይህን ሲጠይቅ ሕጋዊ ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ሲዘጋ የሚተኛ፣ ሲተው ግን የማይተኛ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም፤ የተጠየቀውን እየፈጸመ ነው። ጠያቂው ማን እንደሆነ ለማወቅ ኮማንድ ፕሮምትን በአድሚንነት ከፍቶ ፓወርሲኤፍጂ የተባለውን መሣሪያ የጥያቄዎቹን ዝርዝር ማዘዝ ይበቃል፤ የፕሮግራሙ ወይም የድራይቨሩ ስም ተጽፎ ይወጣል። በጣም ከተለመዱት አንዱ ድምፅ ክፍት ነው የሚለው ነው፦ ብሮውዘር ውስጥ የተረሳ አንድ ገጽ የድምፅ መስመሩን ይዞ ቀርቷል። ገጹ ሲዘጋ ነገሩ ያልቃል።

ሲታዘዝም የማይተኛው ከዚህ የከበደ ነው፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን ምልክት ትቶ ያልፋል። ሊኑክስ ከመተኛቱ በፊት ፕሮግራሞችን ሁሉ ባሉበት ያቆማል፤ አንዱ እንኳ በ20 ሰከንድ ውስጥ አልቆም ካለ እንቅልፉን ሰርዞ ይመለሳል፣ ያልቆመውንም በስሙ ይመዘግባል። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች የእንቅልፉን ሂደት በአምስት ደረጃ ከፋፍለው እያንዳንዱን ለብቻ የሚፈትኑበት መንገድ አበጅተዋል፦ ፕሮግራሞቹን ማቆም፣ ዕቃዎቹን ማስተኛት፣ ከዚያ ባዮሱ የሚገባበት ክፍል፣ ከዚያ ፕሮሰሰሮቹ፣ በመጨረሻም የቀረው ውስጠኛ ክፍል። ማሽኑ የተባለው ደረጃ ድረስ ሄዶ 5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ ከተሰናከለ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ንጹሕ ናቸው። ሥራውን ያበጁት ሰዎች ራሳቸው እንቅልፍን እንደ አንድ ነገር አላዩትም፤ እኛ እንደ አንድ የምናይበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ዓይነት ተኝቶ በራሱ የሚነቃው ነው። በዚህ ላይ ሰፊ ክርክር አያስፈልግም፤ ያው ፓወርሲኤፍጂ መጨረሻ ላይ ማን እንደቀሰቀሰው፣ የትኞቹ ቀጠሮዎች ለመቀስቀስ እንደሚጠብቁና የትኞቹ ዕቃዎች ፈቃዱ እንዳላቸው በሦስት ትእዛዝ ይነግራል። ማውስ፣ የኔትዎርክ ካርድ፣ የማሻሻያ ቀጠሮ፦ ከእነዚህ አንዱ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ዊንዶውስ 10 ለራሱ ጥገና የያዘው መደበኛ ሰዓት ኮምፒውተሩ ሌሊት 2፡00 የሚለው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ማሽኑን ለመቀስቀስ ፈቃድ ከተሰጠው ይቀሰቅሰዋል። ባለቤቱ «ሌሊት በራሱ ይበራል» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ባለሙያው ሰዓቱን ሳይጠይቅ ፎርማት ቢል ግን ይፈረድበታል።

ሦስተኛው ተኝቶ የሚመስለው ነው። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ይፋጃል፤ ማታ ሙሉ የነበረው ባትሪ ጠዋት አልቋል። ብዙ ጊዜ ፍርዱ ባትሪው ላይ ይወድቃል፣ ባለቤቱም ያልተበላሸ ባትሪ ይቀይራል። በሞደርን ስታንድባይ ለሚተኙ ማሽኖች ፓወርሲኤፍጂ «ስሊፕ ስተዲ» የሚባል ዘገባ ያወጣል። ዘገባው ካልታዘዘ በቀር ያለፉትን 3 ቀናት ይሸፍናል፤ እያንዳንዱ እንቅልፍ ምን ያህል እንደቆየ፣ ስንት ባትሪ እንደበላ፣ ከዚያ ጊዜ ስንት እጁ በእውነት ጥልቅ ዕረፍት እንደነበረ፣ ዕረፍት የነሡት እነማን እንደሆኑ በቅደም ተከተል ያሳያል። ማሽኑ ክዳኑ ተዘግቶ ሌሊቱን ከሞላ ጎደል በጥልቅ ዕረፍት አሳልፎ ሳለ ባትሪው ግን ካለቀ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው መዞሩ ተገቢ ነው። ዕረፍቱ ጥቂት ከሆነ ግን አዲስ ባትሪም እንደ አሮጌው ያልቃል።

አራተኛው የማይነቃው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስጨንቀውም ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው የአስተሳሰብ ስሕተት ግልጽ ነው፦ ስክሪኑ ጨለማ ስለሆነ ማሽኑ አልነቃም ይባላል። ስክሪኑ ከማሽኑ ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው። ካፕስ ሎክ ሲጫን መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑ ነቅቷል፤ ያልነቃው ማሳያው ነው። ያን ጊዜ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የሺፍት ቁልፎችን ይዞ «ቢ»ን መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። ስክሪኑ ላይ በእጅ ባትሪ ሲበራበት የደበዘዘ ምስል ከታየ ደግሞ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው፤ ይህ የዕቃ ጉዳይ ነው፣ ፎርማት አይመለከተውም።

የካፕስ ሎኩ መብራት የማይመልስ ከሆነ ማሽኑ በመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ከእንቅልፍ ሲመለስ በጊዜ መልስ ያልሰጠ ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ ለዚህ የራሱ የማቆሚያ ኮድ አለው፤ 9ኤፍ ይባላል፣ በሰማያዊው ገጽ ላይ የሚወጣው ስሙም የድራይቨር የኃይል ደረጃ መክሸፍን የሚናገር ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀመጠው የመዝገብ ፋይል የትኛው ድራይቨር እንደዘገየ ይመሰክራል። በሊኑክስ ዘንድ የተገኘው ዘዴ ደግሞ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ደርቆ የቀረው ማሽን ተገድዶ ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ከዳግም መነሣት የሚተርፍ ትንሽ ማኅደር ተፈለገ፤ የተገኘውም በባትሪ የሚሄደው የቦርዱ ሰዓት ነው። ከርነሉ በመንቃት ላይ ሳለ የደረሰበትን ዕቃ ምልክት ሰዓቱ ላይ ይጽፋል፤ ማሽኑ ተገድዶ ጠፍቶ ሲነሣ ከሰዓቱ ላይ አንብቦ የቱ ጋ እንደቆመ ይናገራል። ሰዓቱና ቀኑ ይዛባሉ፤ ማስረጃው ግን ይተርፋል። ለማስረጃ ይህን ያህል የተደከመበት መስክ ውስጥ ሆኖ ያለ ማስረጃ መፍረድ ያሳዝናል።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ይመስለኛል። ባትሪው ያለቀለት፣ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ በየቢሮውና በየቤቱ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ማሽን በኤስ3 ተኝቶ ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ራም ይዘቱን ያጣል። መብራቱ ተመልሶ ባለቤቱ ሲከፍተው ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም የለም። ባለቤቱ «አልነቃ ብሎ ሥራዬን አጠፋብኝ» ይላል። ማሽኑ ለመንቃት የሚመለስበት ነገር አልነበረውም። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ባለው የሲስተም መዝገብ ይህ በጉልህ ይታያል፦ ቁጥር 42 መተኛቱን፣ ቁጥር 107 መንቃቱን፣ ቁጥር 41 ደግሞ በሥርዓት ሳይጠፋ ዳግም መነሣቱን ያመለክታል። ከ42 በኋላ 107 ሳይመጣ 41 ከተከተለ ማሽኑ ከእንቅልፉ አልተመለሰም። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ በግድ አጥፍቶት ከሆነ በ41 ዝርዝር ውስጥ የቁልፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ባዶ ከሆነ የመብራት መቋረጥን መጠርጠር ተገቢ ነው። ለዚህ ችግር ዊንዶውስን አፍርሶ መጫን ምን ያደርጋል? መድኃኒቱ ባትሪ መቀየር ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ በስሊፕ ፈንታ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማስተካከል ነው። ዲስክ ላይ የተጻፈ ነገር መብራት ቢጠፋም ይቆያል። የሚያሳዝነው፣ ትንሽ ዲስክ ያላቸው ሰዎች ቦታ ለማትረፍ ሃይበርኔትን ጨርሰው እንዲያጠፉ መመከራቸው ነው፤ ባትሪ ለሌለው ማሽን ያችን አንድ መጠጊያ ይነጥቁታል።

3. «ፎርማት ተደርጎ ዳነ» የሚለው ምን ያስረዳል?

የብያኔው ጉልበት ያለው በዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ ልየው። ክርክሩ «ከፎርማት በኋላ ሠራ፤ ስለዚህ ችግሩ ዊንዶውሱ ነበር» የሚል ነው። መከታተልን ምክንያት አድርጎ መውሰድ የቆየ የአመክንዮ ስሕተት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከዚያም ይከፋል። ፎርማት አንድ ለውጥ አይደለም። እንዳይተኛ ይጠይቅ የነበረው ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል፤ ለመቀስቀስ የተያዙት ቀጠሮዎች ይሰረዛሉ፤ የኃይል አጠቃቀሙ ቅንብር ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ተዘግቶ የነበረው ሃይበርኔት ይከፈታል፤ የግራፊክሱና የዋይፋዩ ድራይቨር በሌላ ይተካል፤ በመካከሉም ማሽኑ ደጋግሞ ከሥር ጀምሮ ይነሣል። አንድ ሕመምተኛ ስድስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ውጦ ቢሻለው ሐኪሙ የትኛው እንደፈወሰው ሊናገር አይችልም፤ «ስለዚህ ሕመሙ ይህ ነበር» ማለትም አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ተጨባጭ ነው። ምክንያቱ የአንድ ፕሮግራም ጥያቄ ከነበረ ባለቤቱ ያንኑ ፕሮግራም መልሶ እንደጫነ ችግሩ ይመለሳል። ምክንያቱ ድራይቨር ከነበረ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ ድራይቨር ባመጣ ቀን ይመለሳል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «ዊንዶውሱ እንደገና ተበላሸ» የሚል ነው። ሲሠራ ብያኔውን የሚያጸና፣ ሳይሠራም ብያኔውን የሚያጸና አባባል ሐሰትነቱ የሚታወቅበት መንገድ የለውም፤ እንዲህ ያለው አባባል ደግሞ ስለ ማሽኑ ምንም አይነግረንም።

በዚህ ላይ ፎርማት ምስክሮቹን አብሮ ያጠፋል። ከላይ የጠቀስኳቸው መዝገቦች ሁሉ፣ የሲስተሙ መዝገብም ሆነ የ9ኤፍ ፋይሎች፣ ያሉት ዊንዶውስ ባለበት በዚያው ዲስክ ላይ ነው። ላፕቶፑ ሁለተኛ ሲመጣ ባለሙያው ከባዶ ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ ይህ ልማድ ለብዙ ዓመት ቢሠራበትም ዕውቀት ሊያከማች አልቻለም፤ የትኛው ሞዴል በየትኛው ድራይቨር እንደሚቸገር ከመቶ ማሽን በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን አይታወቅም። በዚህ ነገር አዝናለሁ፤ ብዙዎቹ ጠጋኞቻችን ቦርድ ላይ የሚያሳዩት ችሎታ ከዚህ የተሻለ ይገባዋልና።

4. «አጥፋው» ስለሚለው ምክር

ይህን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ በመደበኛው ቅንብር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፈጣን መነሣት በሚባለው አሠራር የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርት ግን ከነድራይቨሮቹ እንደ ሃይበርኔት ዲስክ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ሲበራም ከዚያ ይነበባል። ከእንቅልፍ ሲመለስ የሚሰናከል ድራይቨር ከዚህ ዓይነቱ መጥፋት ሲመለስም ሊሰናከል ይችላል። ከሥር ጀምሮ የሚያስነሣው «ሪስታርት» ነው፤ ወይም ሺፍትን ይዞ ሻት ዳውን ማለት። «ስሊፕን ፍራ፣ ማጥፋትን እመን» የሚለው ምክር እንግዲህ ከአንዱ እንቅልፍ ወደ ሌላው እንቅልፍ የሚያዛውር ነው። «ሳጠፋው አልነሣ ይለኛል፣ ሪስታርት ሳደርገው ግን ደህና ነው» የሚል ባለቤት ሲመጣ በዚህ መነጽር ካልታየ አቤቱታው ትርጉም የለሽ ይመስላል።

5. ሊቀርቡ ስለሚችሉ መከራከሪያዎች

«ጊዜ የለም» ሊባል ይችላል። ከላይ የጠቀስኳቸው ትእዛዞች መልስ የሚሰጡት ወዲያው ነው፤ ፎርማት ማድረግ፣ ድራይቨሮችን መፈለግ፣ የደንበኛውን ፋይል ማውጣትና መመለስ ግን የሰዓታት ሥራ ነው። የጊዜ ክርክር ለእኔ ወገን ይመሰክራል።

«ዘገባውን ማን ያነበዋል?» ሊባልም ይችላል። የስሊፕ ስተዲው ዘገባ በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ ነው፤ ቀለምና ሰንጠረዥ አለው። ቦርድ ላይ ያለን አጭር ዑደት በሚሊቮልት የሚያሳድድ ባለሙያ ይህን ማንበብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ከሁሉ የጠነከረው መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፦ ፎርማት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለምን? አለ። ማሽኑ በቫይረስ መያዙ ከታወቀ ዳግም መጫን ተገቢ ነው። ሌላም ብዙም የማይነሣ ጉዳይ አለ። ባዮሱ ላይ የእንቅልፉ ዓይነት ከሞደርን ስታንድባይ ወደ ኤስ3፣ ወይም ከኤስ3 ወደ ሞደርን ስታንድባይ ከተቀየረ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ለውጡን እንዲከተል አይጠበቅም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ይህ ዓይነቱ ለውጥ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ እንደገና መጫን እንደሚጠይቅ አስታውቋል። እዚህ ላይ የፎርማት ደጋፊዎች መፍትሔ ትክክል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ወደዚህ የሚደረሰው በምን መንገድ እንደሆነ ነው፦ መጀመሪያ ማሽኑ የትኞቹን የእንቅልፍ ደረጃዎች እንደሚያውቅ ተጠይቆ፣ ከዚያ ባዮሱ ታይቶ፣ ለውጡ ተረጋግጦ ነው። ምርመራ ሳይደረግ ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ፎርማት ከመደረጉ በፊት የሲስተሙ መዝገብና የስሊፕ ስተዲው ገጽ ወደ ፍላሽ ይገልበጡ፤ የባዮሱ ቁጥርና ማሽኑ የሚያውቃቸው የእንቅልፍ ደረጃዎች ዝርዝር በደረሰኙ ጀርባ ይጻፉ። ላፕቶፑ ከወር በኋላ በዚያው ችግር ቢመለስ፣ አዲሱ መዝገብ ከአሮጌው ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለቱም ላይ ያው ድራይቨር ከተገኘ የሚቀየረው ድራይቨሩ ነው፣ በሁለቱም ላይ ዊንዶውስ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክዳኑ፣ ባትሪው ወይም ባዮሱ ይመረመራል።